ኢቮሉሽን ትምህርት ቤት ይሰጥ ወይስ ይቅር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ከዛ በፊት ሐረር ነበርኩ፣ ከታች ያሉት ተማሪም ወላጅም በየዓመቱ የሚጠይቁኝ ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ኢቮሉሽን ማለት ሰው ከዝንጀሮ መጣ ማለት ነው አይደል?

አይደለም። ኢቮሉሽን፣ በአማርኛው ዝግመተ ለውጥ፣ ህይወት ያላቸው ነገሮች ከትውልድ ትውልድ ቀስ እያሉ ይለወጣሉ፣ ለውጡ በዘር ይተላለፋል፣ ብዙ ዘመን ሲጠራቀም ደግሞ አዲስ ዝርያ ይወጣል ማለት ነው። እንዴት ይለወጣሉ ለሚለው ዳርዊን በፈረንጅ 1859 ያሳተመው መልስ ተፈጥሯዊ ምርጫ ይባላል። እኔ ክፍል ውስጥ ሁሌም ከማሽላ ነው የምጀምረው፣ የሐረርጌ ገበሬ አጨዳ ሲደርስ ማሳው ውስጥ እየዞረ ፍሬው የሞላውን፣ ድርቁን የቻለውን፣ ተባይ ያልነካውን ራስ ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፣ አባቱም አያቱም እንደዛ ሲያደርጉ ስለኖሩ የዛሬው ማሽላ የዱሩን አይመስልም። አሁን ገበሬውን አውጣና በሱ ቦታ ድርቁን፣ በሽታውን፣ አዳኝ አውሬውን አስገባ፣ የተረፈው ይወልዳል፣ ያልተረፈው አይወልድም፣ በቃ እሱ ነው።

ሰውን በተመለከተ ደግሞ ሳይንሱ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። በኛ አካባቢ ተራራ ላይ የምናየው ዝንጀሮ ከዛም የራቀ ዘመድ ነው፣ ማንም ሳይንቲስት እሱን አያትህ ነው አላለህም።

እሺ፣ ታዲያ ዝንጀሮዎቹ ለምን አሁንም አሉ? ለምን ሰው አይሆኑም?

የአጎትህ ልጆች ስላሉ አንተ አልተወለድክም አይባልም። ሁለት ቤተሰብ ከአንድ አያት ወጥቶ አንዱ ከተማ ሲገባ አንዱ ገጠር ሊቀር ይችላል፣ ሁለቱም ግን በየፊናቸው ኖረዋል። ዝንጀሮም ሰው ለመሆን መንገድ ላይ ያለ እንስሳ አይደለም፣ ለራሱ ኑሮ የሚሆነውን ሆኖ ጨርሶ ነው ያለው። መልክ ደግሞ ያታልላል፣ ሐረር ማታ ማታ ስጋ የሚበላውን ጅብ ያየ ሁሉ የውሻ ዘመድ ይመስለዋል፣ በዘር ግን ጅብ ለድመት ነው የሚቀርበው።

ስሙ ራሱ ቲዎሪ ነው፣ ያልተረጋገጠ ነገር ለምን ልጆቻችንን ያስተምራሉ?

እዚ ጋ ቃሉ ነው የሚያጣላን። እኛ ሰፈር "እሱ ቲዎሪ ነው፣ ተግባሩን አሳየኝ" ሲባል ባዶ ወሬ ነው ማለታችን ነው። ሳይንስ ውስጥ ግን ቲዎሪ የሚባለው ብዙ ማስረጃ ያለፈ፣ ተፈትኖ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው፣ በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው የሚባለው፣ እሱን ብለን ግን እጅ መታጠብ አላቆምንም። ዝርዝሩ ላይ ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ፣ የትኛው ቅሪተ አካል ከየትኛው ይቀርባል በሚለው ሁሌም ጭቅጭቅ አለ፣ ለውጡ መኖሩ ላይ ግን ክርክር የለም።

ስንተኛ ክፍል ነው የሚሰጠው? ልጄ ያን ምዕራፍ ቢዘለውስ?

9ኛ ክፍል ታሪክ መጀመሪያ ላይ ስለ ሰው አመጣጥ ይነካል፣ በደንብ የሚመጣው ግን 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ነው፣ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ተፈጥሮ ሳይንስ የሚፈተን ልጅ ደግሞ ባዮሎጂ ኢንትራንስ ላይ ይጠብቀዋል።

መዝለል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ድሮ በነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት "ወላጅ እንዳይነሳብን" ተብሎ ምዕራፉ በዝምታ ታለፈ፣ ማንም አይሰጥም አላለም፣ ብቻ ሳይሰጥ ቀረ፣ እኔም ያኔ አዲስ ስለነበርኩ አብሬ ዝም አልኩ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች፣ ርዕሱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ በማስመሪያ አስምራበታለች፣ ከስሩ ሦስት ገጽ ባዶ ትታለች፣ "ቲቸር እስካሁን እየጠበቅኩ ነው" አለችኝ። ይሄንን እስከዛሬ አልረሳሁትም። አቅም ያለው ልጁን አስጠኚ ይቀጥርለታል፣ ከገንደ ቆሬ በእግሯ የምትመጣዋ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ካልነገራት የሚነግራት የለም፣ ስለዚ ምዕራፍ ስንዘል የምንጎዳው ድሃውን ነው።

ፈተና ላይ የማላምንበትን ብመልስ ኃጢአት ነው? ሀራም ነው?

ኃጢአትና ሀራሙን የምፈርደው እኔ አይደለሁም፣ እሱን ንስሐ አባትህን ወይ ኡስታዝህን ጠይቅ። እኔ መናገር የምችለው ፈተናው ምን እንደሚጠይቅህ ነው። "ተፈጥሯዊ ምርጫን አብራራ" ሲልህ ሐሳቡ ገብቶሃል ወይ ነው የሚልህ፣ አምነሃል ወይ አላለህም። ሙስሊም ተማሪ ታሪክ ላይ ስለ አክሱም ጽዮን ይጽፋል፣ ክርስቲያኑ ስለ ሐረር ኢሚሮች ይጽፋል፣ ማንም ሃይማኖቱን ቀየረ አይባልም።

ሐረር ሳለሁ አንዷ ልጅ መልሱን አንድ ሳይቀር በትክክል ጽፋ ከስሩ በእርሳስ በትንሹ "መጽሐፉ የሚለው ይሄ ነው፣ እኔ ግን አላህ እንደፈጠረኝ አምናለሁ" ብላ ጨመረች። ሙሉ ማርክ ነው የሰጠኋት፣ አንድም ነገር አላሰመርኩባትም። የገባውን ሰው ነበር የምፈልገው፣ ገብቷታል።

ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ አይደለም? እኛን ምን አገናኘን?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በአለም ላይ ይሄን ነገር "የኔ አይደለም" ለማለት የመጨረሻው ሰው መሆን ያለበት ኢትዮጵያዊ ነው። ድንቅነሽ (ሉሲ) በኛ አቆጣጠር በ1967 ኅዳር ላይ አፋር ሐዳር ተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 ፐርሰንት ገደማ አለ። አርዲ የምትባለው አጽም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት፣ እሷም አፋር። ሰላም የተባለችውን የሦስት ዓመት ገደማ ህጻን ዲኪካ ላይ ያገኛት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ አጥንቷን ከያዘው ድንጋይ ለማላቀቅ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየፈቀፈቀ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሄርቶ የተገኙት 160,000 ዓመት የሆናቸው የራስ ቅሎች ደግሞ እንደኛው ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ላይ ከሰሩት ውስጥ ብርሃኔ አስፋውና ዮናስ በየነ አሉ። ይሄ ሁሉ የሀበሻ ስም ነው፣ የሀበሻ መሬት ነው።

ድሬዎች ደግሞ አፋር ድረስ መሄድም አያስፈልገንም አቦ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፣ ትርጉሙ ጃርት ነው። ውስጡ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰው መንጋጋ፣ ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይ ቀለም ያለው አፈር ተገኝቷል፣ የአፈሩ ክብደት ብቻ ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል፣ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዛ ቁጭ ብለው እየፈጩት ነበር። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ የዋሻውን ስም ሰምተው አያውቁም፣ ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ፓሪስ ያለ ተመራማሪ የሚያውቀውን ዋሻ ከስሩ የተወለደ ልጅ አያውቀውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጅ 1929 ወደዛ ዋሻ ከመጡት መጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ቴያር ደ ሻርደን ነው፣ በ1933 መጥቶ የቆፈረው ደግሞ ብረይ። ሁለቱም የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ቀሳውስት ናቸው መጥተው የድሬን ጥንታዊ ሰው የፈለጉት።

ለኑሯችን ምን ይጠቅማል? ዳቦ አይሆንም!

ወባ ይዞህ ያውቃል? 2022 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ የነበረውን ታስታውሳለህ፣ ወባ በማይጠበቅበት በበጋው ተነስቶ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ገባ። ከጀርባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ነበረች፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2016 ቀብሪደሃር ነው፣ ከሌሎቹ የምትለየው ውሃ ጠፍቶ በየቤታችን በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ስለምትራባ ነው፣ ብዙ የሚረጭ መድኃኒት ደግሞ አይገድላትም። ለምን አይገድላትም? መድኃኒቱ ሲረጭ ደካሞቹ ሞቱ፣ የተረፉት ወለዱ፣ ልጆቻቸው የእናታቸውን መቋቋም ይዘው መጡ። ይሄኮ 12ኛ ክፍል ያለው ምዕራፍ ነው፣ ቃል በቃል።

ከትንኟም የባሰው ወባውን የሚያመጣው ተሐዋሲ ነው። ጤና ጣቢያ ጣትህን ወግተው ደሙን የሚያንጠባጥቡባት ስትሪፕ አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልገው ተሐዋሲው የሚሰራውን አንድ ፕሮቲን ነው፣ ያንን ፕሮቲን የሚሰራውን ጂን ያጡ ተሐዋስያን ግን አሉ፣ ስትሪፗ "ወባ የለህም" ትላለች፣ ሰውየው መድኃኒት ሳይወስድ ቤቱ ይገባል፣ ትንኝ ነክሳው ወደ ጎረቤት ታሻግረዋለች። ማለትም የኛው ምርመራ ራሱ እነሱን መርጦ እያስቀረ ነው። በዛ ዓመት የድሬ ወረርሽኝ ላይ ያጠኑት ሰዎች እንደዚ አይነቱንም መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ያለውንም ተሐዋሲ አግኝተዋል። ልጅህ ነርስ ወይ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን እንድትሆን ትፈልጋለህ? ይሄን ሳታውቅ ስትሪፗን አምና ሰው ወደ ቤቱ ትልካለች። አንቲባዮቲክ ጀምሮ ሲሻለው የሚያቋርጥ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነም የሚገባው ይሄን ሲያውቅ ነው።

ሃይማኖትና ኢቮሉሽን አብረው ይሄዳሉ?

አንዳንዱ ይሄዳሉ ይላል፣ አንዳንዱ በፍጹም፣ እዚ ላይ ሐቁን መሸፋፈን አልወድም። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን በ1950 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ የሰው ሥጋ ከየት መጣ የሚለውን መመርመር ይቻላል፣ ነፍስን ግን እግዚአብሔር ነው በቀጥታ የሚፈጥራት ብለዋል፣ በ1996 ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ኢቮሉሽን ከግምት ያለፈ ነው አሉ። ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ያ እኛ ዋሻ የመጣው ቴያር ራሱ አለቆቹ ብዙ ጽሑፉን እንዳያሳትም ከልክለውት በ1955 ሞተ፣ እስኪሞት ድረስ ግን ካህን ነበር። በእስልምናው በኩል 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኢብን ኻልዱን ፍጥረት ከማዕድን ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ፣ ከዛ በዝንጀሮ በኩል ወደ ሰው በደረጃ የተያያዘ ነው ብሎ ጽፏል፣ ዳርዊን ያለውን ነው ያለው ማለት አይደለም፣ ግን ሐሳቡ ለሙስሊም ጆሮ እንግዳ እንዳልነበረ ያሳያል። ዛሬ ብዙ ሙስሊም አስተማሪዎች እንስሳና ተክል ላይ ይቀበሉና አደም ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ጋ ሁሉም አይነት አለ።

የትኛው ትክክል እንደሆነ እኔ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ አልወስንም። ግን ልጁ "ወይ ይሄ ወይ ያ፣ ሌላ መንገድ የለም" የሚለውን ብቻ ሰምቶ እንዲያድግ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እውነት አይደለም፣ ሌላ መንገድ የሄዱ ሰዎች አሉ።

አዳም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት ነው፣ እናንተ በሚሊዮን ትቆጥራላችሁ። ማንን እንመን?

ይሄን የጠየቁኝ ልጃቸውን ለማስመዝገብ የመጡ አንድ አባት ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፣ 5,500 ከክርስቶስ በፊት፣ ከዛ ዓመተ ምሕረቱን ደምር ብለው እዛው ሰርተው አሳዩኝ። እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ የኛን ስራ አሳየኋቸው። አፋር ላይ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ አመድ ጥሏል፣ አመዱ ውስጥ ፖታሲየም አለ፣ ከሱ የተወሰነው በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፣ የተጠራቀመውን አርጎን ለክተህ አመዱ መቼ እንደወደቀ ታሰላለህ፣ አጥንቱ ከሁለት አመድ መሀል ከተገኘ እድሜው ከሁለቱ መሀል ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፣ አይገጥሙም ነው ያልኳቸው። የሳቸው ቁጥር ከመጽሐፍ የትውልድ ቆጠራ የመጣ ነው፣ የኛ ከድንጋይ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚቆጥሩት የሚል መምህርም አለ፣ የማይቀበልም አለ። ልጃቸው ሁለቱንም ስሌት መስራት ቢችል ግን ምን ይጎዳቸዋል? ዝም አሉ፣ ከዛ "አርጎን ያልከውን ድገምልኝ" አሉኝ።

ታዲያ ፍጥረትንም ጎን ለጎን ለምን አታስተምሩም? ፍትሃዊ እሱ ነው።

መጀመሪያ የየትኛውን? አንድ የድሬ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ ዋቄፈታም አለ። አንዱን ሳስተምር ሌሎቹን ገፋሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጣል ይላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በራሱ እምነት ኮትኩቶ የማሳደግ መብት ይሰጠዋል፣ እኔ ሁለቱን ሳነብ ቦታቸውን ለይተው ያስቀመጡ ነው የሚመስለኝ። አሜሪካኖቹ በዚ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ነው የኖሩት፣ በ1925 ቴነሲ ውስጥ ጆን ስኮፕስ የሚባል መምህር ኢቮሉሽን አስተማርክ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ፣ ሕጉ የተሻረው በ1967 ነው፣ በ1987 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሁለቱን እኩል አስተምሩ የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ ጣለው።

ሁለተኛው ምክንያት ለኔ ይበልጣል። ኦሪት ዘፍጥረትን በአንድምታ ለማስተማር መምህሩ ጉባኤ ቤት ስንት ዓመት ነው የሚቀመጠው? ቁርኣን ተፍሲር ለማስተማርስ? እኔ በባዮሎጂ ዲግሪ 40 ደቂቃ ፔሬድ ውስጥ እሱን ልስጥ ማለት ለሃይማኖቱ ክብር አለመስጠት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፣ መድረሳ አለ፣ እዛ በሚያውቁት ሰዎች ይሰጥ።

ቱርክ አስወጥታዋለች፣ ህንድም ቀንሳለች፣ እኛስ?

ልክ ነው፣ ቱርክ በ2017 ከሁለተኛ ደረጃ አወጣችው፣ ህንድ በ2023 ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አወጣችው፣ 12ኛ ባዮሎጂ ላይ ግን አለ። እነሱ ያደረጉት ለኛ ምክንያት አይሆነንም፣ ቱርክ ድንቅነሽ የላትም፣ የኛ ልጆች ግን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ቀና ብለው የሚያዩት የአጽሟ ቅጂ አላቸው። ምን እያየሁ ነው ሲሉ ማን ይመልስላቸዋል?

መምህሩ ሃይማኖታችንን ቢሳለቅበትስ?

ስህተቱ የሱ ነው፣ ወላጅ ቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄዶ የመናገር መብት አለው። "እናንተ አሁንም በተረት ታምናላችሁ" የሚል መምህር አይቻለሁ፣ ኢቮሉሽንን ከሱ በላይ የጎዳው የለም፣ ከዛ ቀን በኋላ ልጆቹ ጆሯቸውን ዘጉ። በተቃራኒው ሰሌዳው ላይ ርዕሱን ጽፎ "ውሸት ነው ግን ለፈተና አጥኑት" የሚልም አለ፣ እሱም ያው ነው። መምህር ቢያምንም ባያምንም ማስረጃውን በቅንነት የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ልጄ ሃይማኖቱን ቢተውብኝስ?

ወላጆች መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሰው ሲወጣ፣ ድምጻቸውን ቀንሰው የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው፣ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ይሄን መሸፈኛ ይመስለኛል። በምዕራፍ ምክንያት ምንም አይሆንም ብዬ ቃል አልገባም፣ የሰው ልጅ ልብ በኔ እጅ የለም። ባየሁት ልናገር፣ ሲናወጡ ያየኋቸው ልጆች ቤት ጠይቀው "ዝም በል፣ ይሄ የሰይጣን ነው" የተባሉት ናቸው፣ ጥያቄያቸውን ይዘው ስልካቸው ውስጥ ገቡ፣ እዛ ደግሞ የሚያገኛቸው ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው አባት ያላቸው ልጆች ግን ምዕራፉን ተምረው አርብ መስጊድ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ዛሬ ጤና ጣቢያ ስትሪፕ የምታነብ አለች።

ስለዚ ለወላጆች የምላቸው፣ ምዕራፉ የሚጀመርበትን ሳምንት እኔን ጠይቁኝ፣ ማታ ራት ላይ "ዛሬ ምን አሏችሁ?" በሉት፣ እስኪጨርስ አታቋርጡት፣ ከዛ የእናንተን ንገሩት። መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ መምህረ ንስሐችሁ ወይ ወደ ሼኻችሁ አብራችሁ ሂዱ። ክፍል ውስጥ መጥታችሁ መቀመጥ ከፈለጋችሁም ኋላ ወንበር አለ።